ኳሱን ያካፈለው ሯጭ

ሰው ሥራውን ለምዶ፥ ስሙም ተጠርቶ፥ «ይህን ጉዳይ ለእገሌ ስጡት፤ እርሱ ያውቅበታል» መባል በጀመረበት ሰዓት፥ ድንገት አዲስ የአሠራር ደንብ ይመጣል። ትናንት የእርሱ ብቻ የነበረው ሥራ ለሦስት ይከፈላል። እኛም ይህ ደርሶብናል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በተቀጠርንበት መሥሪያ ቤት ለብቻችን እናሰናዳው የነበረው የወሩ መግለጫ ለሦስት ሰው ሲከፈል፥ «ስማችን ከሽፋኑ ላይ ወረደ» ብለን ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፈናል። ሻይ እንኳ ከባልደረቦቻችን ጋር አልጠጣንም። ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል፤ በዚያን ጊዜ ግን እውነተኛ በደል መስሎን ነበር።

ስለዚህ በዛሬው እሑድ ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት ምክር ከመስጠት ይልቅ አንድ ታሪክ ማውራት መርጠናል። ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ፥ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፥ በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን። ባለ ታሪኩ ክሪስ ጊልበርት የሚባል የሂዩስተን አካባቢ ልጅ ሲሆን፥ በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ ሥራው ኳስ ይዞ መሮጥ ነበር።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት እንናገር። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ እግር ኳስ የምንለውን አይደለም። የእነርሱ ኳስ እንደ እንቁላል የሞለለ ነው፤ ስሙ የእግር ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በእጅ ነው። አሥራ አንድ ሰው በአሥራ አንድ ሰው ፊት ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ወገን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራቱ ሙከራ አሥር ያርድ፥ ማለት ዘጠኝ ሜትር ያህል፥ ወደ ፊት ከገፋ ሌላ አራት ይጨመርለታል፤ ካልገፋ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። ከአንዱ የጎል መስመር እስከ ሌላው ያለው ርቀት 100 ያርድ ነው። እንግዲህ ጨዋታው መሬትን በስንዝር የመያዝ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሯጭ የሚባለው ኳሱን ከመሪው ተቀብሎ፥ በግዙፋን ሰዎች መካከል ቀዳዳ ፈልጎ የሚያልፍ ነው። ጊልበርት በዚህ ሥራ የተዋጣለት ሰው ነበር። ቁመናው እንደ ግንባር ተሰላፊዎቹ የሚያስፈራ አልነበረም፤ ነገር ግን እግሩ ፈጣን፥ ዓይኑም ቀዳዳ ፈላጊ ነበር። በ1966 ዓ.ም. 206 ጊዜ ኳስ ይዞ 1,080 ያርድ ሮጠ፤ በ1967 ደግሞ 205 ጊዜ ይዞ 1,019 ያርድ ሮጠ። በዚያው በ1967 ከቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ከራሱ ጎል መስመር አጠገብ ተነሥቶ 96 ያርድ በአንድ ትንፋሽ በሮጠ ጊዜ፥ የዩኒቨርሲቲው ረጅሙ ሩጫ ሆኖ ተመዘገበ። በዚያ ዘመን ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን እንዲጫወት አይፈቀድለትም ነበር፤ ስለዚህ ለአንድ ተጫዋች የነበረው ዕድሜ ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ጊልበርት ሁለቱን በክብር ጨርሶ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ይጠብቅ ነበር።

ዳሩ ግን የሯጩ ስም ሲገን ቡድኑ አልገነነም። አሠልጣኙ ዳረል ሮያል በ1963 ዓ.ም. ቡድኑን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ የአሜሪካ አንደኛ ያደረገ ሰው ነበር፤ በ1965፥ በ1966 እና በ1967 ግን በየዓመቱ አራት አራት ጊዜ ተሸነፈ። አበው «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። ኳሱ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ፥ ባላጋራ ሁለትና ሦስት ሰው በዚያ ሰው ላይ ማዘጋጀት አያቅተውም።

በ1968 ዓ.ም. በጋ ሮያል ለረዳቱ ለኤመሪ ቤላርድ አንድ ሥራ ሰጠው። ቤላርድ ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣ፥ አስቀድሞ በቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአሠልጣኝነት ስም ያተረፈ ሰው ነበር። የቀረበለት ጥያቄ ይህ ነው፤ ቡድኑ ሦስት ጥሩ ሯጮች አሉት፤ ጊልበርት፥ ቴድ ኮይ፥ ደግሞም ገና ወደ ዋናው ቡድን የገባው ብርቱው ስቲቭ ዎርስተር። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ አሰልፎ ሁሉንም የሚያሠራ ዘዴ ምንድን ነው?

ቤላርድ ያገኘው መልስ እንዲህ ነው። ኳርተርባክ የሚባለው የጨዋታው መሪ ከፊት ይቆማል። ፉልባክ የሚባለው ጉልበተኛ ሯጭ ከእርሱ በስተ ኋላ በቅርብ ይቆማል። ሁለቱ ሃፍባኮች ደግሞ ከፉልባኩ ኋላ በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ከላይ ሆኖ ላየው ሰው አራቱ እንደ ባላ እንጨት ሆነው ይታያሉ። የሂዩስተን ጋዜጠኛ የነበረው ሚኪ ሄርስኮዊትዝ ቅርጹን ከዶሮ ደረት ላይ ከሚገኘው መንታ አጥንት ጋር አመሳሰለውና፥ ስሙ «ዊሽቦን» ሆኖ ቀረ። አሜሪካኖች ይህን አጥንት ሁለት ሰዎች በየጫፉ ይዘው ይጎትቱታል፤ ትልቁ ስባሪ የወጣለት ምኞቱ ይፈጸማል ይባላል።

የዘዴው ብልኃት ግን በቅርጹ አይደለም፤ በአሠራሩ ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ይቀበልና ወዲያው በፉልባኩ ሆድ ላይ ያስጠጋዋል፤ ፉልባኩም ሁለት ክንዱን ከፍቶ ወደ ፊት ይወረወራል። ኳርተርባኩ ግን ኳሱን ገና አልለቀቀም። ዓይኑ ያረፈው፥ ሆን ተብሎ ማንም እንዳይነካው በተተወ አንድ ተከላካይ ላይ ነው። ይህ ተከላካይ ፉልባኩን ትቶ ከቆመ፥ ኳሱ ለፉልባኩ ይለቀቃል። ፉልባኩን ለመያዝ ከገባ ግን፥ ኳርተርባኩ ኳሱን መልሶ ይስብና ወደ ሜዳው ዳር ይሮጣል። እዚያም ሌላ ሳይነካ የተተወ ተከላካይ ያገኛል። ይህኛው ኳርተርባኩን ሊይዝ ቢመጣ፥ ኳሱ በጎን ለሚከተለው ሃፍባክ ይወረወራል፤ ሃፍባኩን ቢጠብቅ፥ ኳርተርባኩ ራሱ ይዞ ያልፋል። ሌላው ሃፍባክ ቀድሞ እየሮጠ መንገድ ጠራጊ ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ከባላጋራው ወገን ሁለት ሰዎች ማንም ሳይገፋቸው ከጨዋታው ወጡ፤ ምክንያቱም የትኛውንም ቢመርጡ ምርጫቸው ስሕተት ይሆንባቸዋል። እነርሱን ለመግፋት ይውሉ የነበሩት ሰዎችም ሌላውን ለመግፋት ተረፉ። «ኳሱን የሚይዘው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከሩጫው በፊት መልስ የሚያውቅ ሰው በሜዳው ላይ የለም። ባላጋራው አያውቅም፤ ጊልበርትም ራሱ አያውቅም።

የጊልበርት ችግር የጀመረው ከዚህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ኳሱ ወደ እርሱ እንደሚመጣ አውቆ ይነሣ ነበር። ከኋላ ቆሞ ሜዳውን ይቃኛል፤ ኳሱን ይቀበላል፤ ቀዳዳውን ይመርጣል። አሁን የመምረጡ ሥልጣን ወደ ኳርተርባኩ ሄደ። የእርሱ ድርሻ ከኳርተርባኩ ጎን አራት ያርድ ያህል ርቆ፥ ሳይቀድምና ሳይዘገይ፥ በሙሉ ፍጥነት መከተል ሆነ። ቢቀርብ አንዱ ተከላካይ ሁለቱንም ይይዛቸዋል፤ ቢርቅ ኳሱ በአየር ላይ ይጠለፋል፤ ቢቀድም ኳሱ ከኋላው ይወድቃል። ይህንንም ሁሉ አድርጎ ኳሱ ላይመጣለት ይችላል። በሌላው ጊዜ ደግሞ ጨዋታው ወደ ሌላው ወገን ሲሄድ፥ ባለ ዝናው ሯጭ ለኮይ ወይም ለኳርተርባኩ መንገድ ጠራጊ ሆኖ በትከሻው ሰው መግፋት አለበት። መንገድ የጠረገ ሰው ስንት ያርድ እንደ ጠረገ የሚመዘግብ መዝገብ ደግሞ የለም።

የዚያን ዓመት የሯጮችን ሁሉ ዝና ያገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያው ኦ. ጄ. ሲምሰን ሲሆን፥ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይስማን ሽልማትም ወሰደ። ሲምሰን በዚያ ዓመት ከ350 ጊዜ በላይ ኳስ ይዞ ሮጧል። የጊልበርት ግን 184 ጊዜ ነው፤ ካለፉት ሁለት ዓመታቱም ያነሰ ነው። የመጨረሻ ዓመቱ የሆነበት፥ ስሙ በአገሩ ሁሉ የተሰማለት ተማሪ፥ ኳሱን ለሦስት ሲያካፍል ከእጁ የወጣው ቀላል ነገር እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

ይባስ ብሎ ዘዴው መጀመሪያ ላይ አልያዘም። መስከረም 21 ቀን 1968 በኦስተን ከሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር 20 ለ20 ተለያዩ። በሳምንቱ ወደ ለቦክ ሄደው በቴክሳስ ቴክ 31 ለ22 ተሸነፉ። ሁለት ግጥሚያ፥ አንድም ድል የለም። በእንዲህ ያለ ሰዓት «የቀድሞው ይሻል ነበር» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ማናችንም እናውቃለን፤ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የምንሰማው ነውና። ሮያል ግን ዘዴውን አልጣለም፤ አስተካከለው እንጂ። ፉልባኩ ዎርስተር ከኳርተርባኩ ጋር እጅግ ተጠጋግቶ ይቆም ስለ ነበረ፥ ኳርተርባኩ ተከላካዩን አይቶ ለመወሰን ጊዜ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ዎርስተርን ጥቂት ወደ ኋላ አሸሹት። አንድ እርምጃ የማይሞላ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ለማየት ጊዜ ሰጠ።

ሁለተኛው ለውጥ ከባድ ነበር። የቡድኑ ኳርተርባክ ቢል ብራድሌይ በቴክሳስ ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ነበር። በለቦክ ግጥሚያ መካከል ሮያል እርሱን አስወጥቶ ብዙም ያልታወቀውን ጄምስ ስትሪትን አስገባ። ስትሪት ኳስ በመወርወር ከብራድሌይ የሚበልጥ አልነበረም፤ ነገር ግን በሩጫ ላይ ሆኖ አይቶ መወሰንን ያውቅበት ነበር፤ አዲሱ ዘዴ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንናገር። ኦክላሆማ ስቴት 31 ለ3 ተሸነፈ። ቀጥሎ ከብርቱው ባላጋራ ከኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲገናኙ፥ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ዎርስተር ጎል መስመሩን አልፎ 26 ለ20 አሸነፉ። አርካንሳስ 39 ለ29 ተሸነፈ። እንዲህ እያሉ ዘጠኝ ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፈው፥ ጥር 1 ቀን 1969 በዳላስ በኮተን ቦውል ቴነሲን 36 ለ13 ድል በመንሣት ዓመቱን ፈጸሙ።

የጊልበርትስ ነገር? 184 ጊዜ ብቻ ኳስ ይዞ 1,132 ያርድ ሮጠ። ካለፉት ሁለት ዓመታቱ ከእያንዳንዱ ይበልጣል። ሒሳብ የሚወድ አንባቢ ያካፍለው፤ በአንድ ሩጫ በአማካይ በ1966 5.2 ያርድ፥ በ1967 5.0 ያርድ የነበረው፥ በ1968 6.2 ያርድ ሆነ። ከ1967 ይልቅ ኳሱን ከ20 ጊዜ በላይ አሳንሶ ይዞ ከመቶ ያርድ በላይ አተረፈ ማለት ነው። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። በፊት ሁለትና ሦስት ሰው ይጠብቀው ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ዎርስተርን፥ አንዱ ስትሪትን ለመያዝ ሲሄድ፥ ኳሱ ለጊልበርት በደረሰ ጊዜ ፊቱ ባዶ ሜዳ ነው። ያ ባዶ ሜዳ የተገኘው ግን እርሱ ኳሱ ባልመጣለት ጊዜ ሁሉ እንደ መጣለት አድርጎ በመሮጡ ነው። አንድ ቀን ሰንፎ በእርጋታ ቢከተል ኖሮ፥ ተከላካዩ እርሱን ትቶ በኳርተርባኩ ላይ በወረደ ነበር፤ ዘዴውም በፈረሰ ነበር። ደግሞም ዎርስተርና ኮይ ለእርሱ እንዲሁ አደረጉለት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በቴክሳስ ሜዳም ሠራ።

ጊልበርት በሦስቱ ዓመት በጠቅላላው 3,231 ያርድ፥ ማለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፥ ሮጠ። በአሜሪካ ከፍተኛው የኮሌጅ ፉትቦል ሦስቱንም ዓመት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ ያርድ በላይ የሮጠ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ስሙ በኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገባ።

ቦታውን ስላጣው ስለ ብራድሌይ ዝም ብንል ግን ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። አዲስ አሠራር ሲመጣ ለሁሉም ወንበር አይተርፍምና፥ ከአንባብያን መካከል የብራድሌይ ዕጣ የደረሰው ይኖራል። ብራድሌይ ቡድኑን ጥሎ አልሄደም። ወደ ተከላካዮቹ ወገን ተዛወረ፤ ኳስ ይወረውር የነበረው ሰው ሌሎች የወረወሩትን ኳስ መጥለፍ ተማረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጋር በተደረገው ግጥሚያ አራት ኳስ ጠለፈ። በኋላም በሙያ ተጫዋቾች ሊግ በፊላደልፊያ ኢግልስ ተሰልፎ፥ በ1971 እና በ1972 በተከታታይ ኳስ በመጥለፍ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ኳርተርባክ ሆኖ ቢቀር ይህን ያህል ይደርስ ነበር ወይ? ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ ነገር ግን የወረወረ እጅ የሚወረወርን ኳስ አካሄድ ያውቃል።

ዘዴውስ የት ደረሰ? ጊልበርት ትምህርቱን ጨርሶ ቦታውን ጂም በርተልሰን ያዘ። በ1969 ዓ.ም. ቴክሳስ አንድም ሳይሸነፍ የአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን አርካንሳስን 15 ለ14 ሲያሸንፍ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በቦታው ተገኝቶ ተመልክቷል። ጥር 1 ቀን 1971 ኖትር ዳም 24 ለ11 እስከሚያሸንፋቸው ድረስ 30 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፈዋል። ባላጋራዎቻቸውም ዘዴውን ወሰዱት፤ ኦክላሆማ በ1971 በእያንዳንዱ ግጥሚያ በአማካይ 472.4 ያርድ በሩጫ ብቻ አገኘ። አላባማም በዚያው ዓመት ተከተለ። ዊሽቦን ግን ለሩጫ የተሠራ ነውና፥ ወደ ኋላ የቀረ ቡድን ጊዜ ሲያጥረው ኳስ ወርውሮ ለመድረስ አይመችም፤ መወርወር እየበዛ ሲሄድ ታላላቆቹ ቡድኖች ተዉት። ዳሩ ግን አንዱን ተከላካይ ሳይነኩ ትቶ፥ እርሱ የሚያደርገውን አይቶ መወሰን የሚባለው አሳብ በዛሬውም ጨዋታ ውስጥ በሌላ ቅርጽ ይኖራል።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ይህ ቡድን የአሠላለፉን ደንብ በአንድ በጋ ሲለውጥ፥ የአገሩን ክፉ ልማድ ግን ገና አልለወጠም ነበር። በጊልበርት ዘመን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ቡድን ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልተሰለፈም፤ የ1969ኙ ቡድን ጥቁር ተጫዋች ሳይኖረው የአሜሪካ አንደኛ የተባለ የመጨረሻው ቡድን ነው። ጁሊየስ ዊቲየር የመጀመሪያው ሆኖ በዋናው ቡድን የተሰለፈው በ1970 ዓ.ም. ነው። የሜዳ ዘዴን መለወጥና በሩን ለሁሉ መክፈት የተለያዩ ሥራዎች እንደ ሆኑ፥ ሁለተኛውም እንደሚከብድ፥ ይህ ይመሰክራል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ያ ለሦስት የተከፈለው የወሩ መግለጫ ከሁለት ወር በኋላ የተሻለ ሆኖ መውጣት ጀመረ። አንዱ ባልደረባችን ቁጥሩን ይመረምራል፤ ሌላው ከየክፍሉ ወሬውን ይሰበስባል፤ እኛም በፊት ሌሊት ተቀምጠን እንጽፈው የነበረውን አሁን በቀን አስበን እንጽፈዋለን። ስማችን ወደ ሽፋኑ አልተመለሰም። እውነቱን ለመናገር፥ አንዳንድ ጊዜ ዛሬም ዓይናችን ሽፋኑን ይፈልገዋል። ነገር ግን ባለፈው ወር ቁጥሩን የሚመረምረው ባልደረባችን በእኛ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ትልቅ ስሕተት አግኝቶ፥ ለማንም ሳይናገር፥ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ገበታችን ላይ አስቀመጠልን። ስሕተቱ ታትሞ ቢወጣ ኖሮ የምናፍረው እኛው ነበርን። የእርሱም ስም በየትም አልተጻፈም።

ሻይውን በዚያን ቀን የከፈልነው እኛ ነን።